ከ«እሺ በቃ» በኋላ

ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዛሬ ከሁለተኛ ዓመት የነርስ ተማሪዎቼ ጋር ከታካሚ ጋር ስለ መነጋገር የምናጠናውን ኮርስ ቀጠልን። አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «ታካሚው ‹ደህና ነኝ› ሲላችሁ በእርግጥ ደህና መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» ጠይቄ ዝም አልኩ።

ዝም ማለትን የተማርኩት ከሜሪ በድ ሮው ነው። አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ነበረች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ከራሴ ቀኖች በቀር እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) መምህራን ሲያስተምሩ የተቀዳውን ቴፕ እየሰማች፣ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚታገሡ ለካች። አብዛኞቹ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወይ ጥያቄውን ይደግሙታል፣ ወይ ሌላ ተማሪ ይጠራሉ፣ ወይ ራሳቸው ይመልሱታል። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ መታገሥ ሲለምዱ ግን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ መልስ አጥቶ ዝም የሚለው ቀነሰ፤ ደካማ ናቸው የተባሉት ልጆች ሳይቀሩ መናገር ጀመሩ። ሮው ተማሪው መልሱን የጨረሰ ሲመስልም መታገሥ እንደሚያስፈልግ አሳይታለች። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ የሚመጣው ከዚያች እረፍት በኋላ ነው።

ሦስት ሰከንድ ሲያወሩት ምንም አይደለም፤ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲጠብቁት ግን ይረዝማል። የመጀመሪያዋ ሰከንድ ሳትሞላ ከፊት የሚቀመጡት፣ ሁልጊዜ የሚመልሱት ልጆች እጃቸውን አወጡ። ዐይኔን ወደ ኋላ ወንበሮች ወስጄ ጠበቅሁ። በመጨረሻ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ፣ ክፍል ውስጥ ስትናገር ሰምቼ የማላውቃት ልጅ «ቲቸር፣ እናቴ ደህና ነኝ ስትል እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች» አለች። አሁንም ዝም ብዬ ጠበቅኋት። «እኛ ቤት ታዲያ የምናምነው እጇን ነው።»

ኅዳር 5፣ ሐሙስ ማታ

የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩን የሃርቪ ሳክስን የክፍል ንግግሮች እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሳክስ ከ1964 እስከ 1972 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ቀጥሎም ኧርቫይን፣ ሲያስተምር ትምህርቱ በቴፕ ይቀዳ ነበር። በ1975 በመኪና አደጋ ሲሞት ገና 40 ዓመቱ ነው። ንግግሮቹ በሁለት ጥራዝ ተሰብስበው የታተሙት በ1992 ነው።

ገና ሲጀምር የሚያነሣው የስልክ ንግግር ነው። በ1963 እና በ1964 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ራስን ማጥፋትን በሚያጠና ማዕከል ይሠራ ነበር፤ የተጨነቁ ሰዎች ወይም ዘመዶቻቸው ለእርዳታ ሲደውሉ የተቀዳውን የማዳመጥ ዕድል አገኘ። ሠራተኞቹን ያስቸግር የነበረው የደዋዩን ስም ማግኘት ነው። ሳክስ ሲያዳምጥ ያስተዋለው ይህ ነበር፦ ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ አስቀድሞ የራሱን ስም ከተናገረ፣ ደዋዩም ማንም ሳይጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ይናገራል። አንዱ ደዋይ ግን ሠራተኛው ስሙን ሲነግረው «አይሰማኝም» አለ። ሠራተኛው ስሙን ደገመለት። ደዋዩ ያንኑ የሠራተኛውን ስም መልሶ ጠርቶ አረጋገጠ። ንግግሩ ቀጠለ፤ የደዋዩ ስም የሚነገርበት ቦታ ግን አልፎ ሄደ።

ሰውየው በእርግጥ ሳይሰማ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሳክስን የሳበው ግን ያቺ «አይሰማኝም» እዚያ ቦታ ላይ የምትሠራው ሥራ ነው። ስሙን መናገር በሚገባው ቅጽበት ሌላ ነገር ገባበት፤ አልነግርህም አላለም፣ ማንንም አላስቀየመም፣ ስልኩንም አልዘጋም። በዚያ ዘመን ማኅበረሰብን የሚያጠኑ ምሁራን ዐይናቸው ያለው መደብ፣ ሥልጣንና ትልልቅ ተቋማት ላይ ነበር። እሱ ግን ሁለት ሰዎች በስልክ በተለዋወጧቸው ጥቂት መስመሮች ውስጥ ሥርዓት አለ ብሎ ቁጭ አለ። ይህን ድፍረቱን በጣም አከብረዋለሁ።

እኛ አገር በሬዲዮ ምክር ፈልጎ የሚደውል ሰው «ስሜ ይቆይ» ይላል፤ አዘጋጁም «እሺ፣ ይቆይ» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ፈቃዱ በግልጽ ተጠየቀ፣ በግልጽም ተሰጠ። ይህን ልማዳችንን እወደዋለሁ፤ ሰውየው ስሙን መደበቁ ሳያሳፍረው ጭንቀቱን ማውጣት ይችላል።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት እንደዋወላለን። ሰላምታው እንደ ወትሮው ነበር። እንዴት አደርሽ፣ ይመስገን፤ ልጆቹስ፣ ይመስገን፤ ብርዱ እንዴት ነው፣ ይመስገን፤ ጤናሽስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳክስ በ1975 በታተመ አንድ ጽሑፉ «እንዴት ነህ» ስንባል የምንመልሰው የጤናችንን ሁኔታ ብቻ መዝነን አይደለም ይላል። ደህና አይደለሁም ካልን ጠያቂው «ምን ሆነህ?» ማለት ይገደዳል። ስለዚህ ማን እየጠየቀን እንደሆነ፣ ያንን ለመስማትም የሚገባው ሰው መሆን አለመሆኑን አስቀድመን እናመዛዝናለን። የጽሑፉ ርእስ ሰው ሁሉ መዋሸት ግድ ይሆንበታል የሚል ነው። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልስማማም። የእናቴ «ይመስገን» ለፈጣሪ የቀረበ ምስጋና ስለሆነ ውሸት ልለው አልችልም። ውጤቱ ግን ያው ሆነ፤ ሕመሟ አልተነገረም።

የተነገረው መጨረሻ ላይ ነው፦

እማዬ፦ እሺ በቃ ልጄ፣ ብር አይቁጠርብሽ።
እኔ፦ አይቆጥርም እማዬ። እሺ።
እማዬ፦ እሺ። … ለነገሩ፣
እኔ፦ እ?
እማዬ፦ ማታ ማታ እግሬን ያቃጥለኛል። ብርድ ይሆናላ!

ኢማኑኤል ሼግሎፍና ሳክስ በ1973 ያሳተሙት ጥናት ንግግር እንዴት እንደሚዘጋ የሚመረምር ነው። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይናገራል፤ ታዲያ ሁለቱም ያለ ቅያሜ አብረው የሚያቆሙት እንዴት ነው? መልሳቸው «እሺ» እና «በቃ» በመሰሉት ቃላት ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለ ቃል የሚናገር ሰው ተራው ደርሶት ሳለ አዲስ ወሬ አያነሣም፤ ተራውን ለሌላው ያስተላልፋል። ሌላውም ያልተነገረ ነገር ከሌለው «እሺ» ብሎ ይመልሳል፣ ስልኩም ይዘጋል። ያልተነገረ ነገር ካለው ግን ቦታው ያቺ ናት። እናቴ እግሯን ያነሣችው ረስታው ቆይታ በድንገት ትዝ ስላላት አይመስለኝም። ሌላው ወሬ ሁሉ አልቆ፣ ማንንም የማታቋርጥበትን ቦታ ስትጠብቅ ነበር።

ስኳር አለባት። ሰኞ ማታ አዲስ አበባ እንድትገባ ተነጋግረናል፤ ቀጠሮ የተገኘው ማክሰኞ፣ ለ17 ነው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ትናንት የጻፍኩትን ሳነብ የጎደለ ነገር አለ። እናቴ «ብርድ ይሆናላ» ስትል ሳቅ ብላ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ትዝታ እንዲህ ያለውን ይጥለዋል። ለዚህም ነው ጌል ጄፈርሰን ዕድሜዋን በሙሉ ቴፕ እያዳመጠች የጻፈችው። ሥራ የጀመረችው በታይፕ ጸሐፊነት ነው፤ ኋላ የሳክስ ተማሪና የሥራ ባልደረባ ሆነች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የንግግር ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበትን የአጻጻፍ ዘዴ ያወጣችው እሷ ናት። ዝምታ በሰከንድ አሥረኛ እየተለካ ይጻፋል፤ ሁለት ሰው እኩል የተናገረበት በቅንፍ ይያያዛል፤ ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ እንኳ ምልክት አለው። እኛም እንደ «አዎ» የምንጠቀምበት ያ ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ በተራ ጽሑፍ ላይ ፈጽሞ አይታይም።

በ1984 የታተመው የጄፈርሰን ጥናት ስለዚችው ሳቅ ነው። ችግሩን የሚናገር ሰው ራሱ ይስቃል፤ ችግሩን እንደቻለው ማሳያ ነው። ሰሚው ግን አብሮት አይስቅም፤ ነገሩን ከምር ይይዘዋል። የሰው ልጅ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ጎረቤት የሚካኤል ዝክር ነበረ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ሁሉም ያወራል፣ ሁሉም ይሰማል፣ ማንም ተራ አይሰጥም፤ ተራው ግን አይጠፋም። ሳክስ፣ ሼግሎፍና ጄፈርሰን በ1974 «ላንጉጅ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት የዚህን አሠራር ነው። አንዱ ንግግሩ ሊያልቅ የሚችልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሌላው ይገባል፤ ሰሚው ያንን ቦታ አስቀድሞ ያውቀዋል። በ2009 ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ ከዴንማርክ እስከ ጃፓን፣ ከሜክሲኮ እስከ ናሚቢያ በሚነገሩ ዐሥር ቋንቋዎች «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስመልሱ ጥያቄዎችን ለኩ። በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አምስተኛ ገደማ ሆነ። ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ማለት ነው። ፈጣን ከተባሉት ጃፓኖች ዘግይተዋል እስከተባሉት ዴንማርኮች ያለው ልዩነት ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። አንድ ቃል አስቦ ለመናገር ግን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ያስፈልጋል፤ እንግዲህ ሁላችንም መልሳችንን የምናዘጋጀው ሌላው ገና ሳይጨርስ ነው። አማርኛ ከዐሥሩ መካከል የለም። ዛሬ ቤቱን ስሰማው ግን ከእነሱ የሚዘገይ አልመሰለኝም።

አንድ ነገር በቅርብ አየሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ ለባለ መኪናው ጎረቤት «ነገ ጠዋት መኪናህን ለሁለት ሰዓት ብትሰጠኝ?» አለው። ባለ መኪናው ብርጭቆውን አየ። አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። ጠያቂው ወዲያው «ካልተመቸህም ግድ የለም፣ ታክሲ እይዛለሁ» አለ። «ኧረ እሱስ፣ ነገ እኮ ልጆቹን…» አለና ባለ መኪናው ትከሻውን ነካ አደረገው። እምቢታው ሳይነገር ተነገረ፤ ሳይነገርም ተቀባይነት አገኘ። አኒታ ፖሜራንትዝ በ1984 ያሳየችው ይህንኑ ነው፦ መስማማት ፈጥኖ ይመጣል፤ አለመስማማት ይዘገያል፣ በ«ኧረ» እና በ«እሱስ» ይሸፈናል፣ ምክንያት ይከተለዋል። ያቺ መዘግየት ለጠያቂው ጥያቄውን የሚተውበት ዕድል ትሰጠዋለች። ሁለት ጎረቤቶች በአንዲት ሰከንድ ውስጥ የጋራ ክብራቸውን ጠበቁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ አንድ አዛውንት «እ?» አሉ። ረዳቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላቸው። ማርክ ዲንገማንሰና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ጥናት 31 ቋንቋዎችን ሲመረምሩ፣ «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» የምትለው አጭር ድምፅ በሁሉም ዘንድ የምትመሳሰል አንዲት ክፍለ ቃል ሆና አገኟት። በ2015 ደግሞ በ12 ቋንቋዎች ሰዎች በአማካይ በየ84 ሰከንዱ ገደማ ንግግራቸውን ለማቃናት እንደሚቆሙ ጻፉ። ሳንግባባ ስንቀር መጠየቃችን ንግግራችን የቆመበት ምሰሶ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ በክፍል ውስጥ «አልገባኝም» ማለትን ሲፈሩ ስለማይ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

እማዬን ተመላላሽ ክፍል ያያት ወጣት ሬዚደንት ነው። «እንዴት ነዎት እማማ?» አላት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ይህንን ለሕክምና ጥያቄው መልስ አድርጎ አልያዘውም። ካርዷን አየት አድርጎ አስቀመጠና ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ «ዛሬ ምን አመጣዎት?» ሲል ጠየቃት። መድኃኒት ማለቁን፣ ስኳሯ ከፍ ዝቅ ማለቱን ነገረችው፤ ዝም አለች። እሱም ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ውኃ ጥሟ ጨመረች። አላቋረጣትም።

ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል በ1984 ያሳተሙትን እያሰብኩ ነበር። በተቀዱ 74 የሐኪምና የታካሚ ንግግሮች ውስጥ፣ ታካሚዎች የመጡበትን ነገር ተናግረው የጨረሱት በ23 ከመቶዎቹ ብቻ ነው፤ ከቀሩት በአብዛኞቹ ሐኪሞቹ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ አቋርጠዋቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጡት ደግሞ በሰሙት የመጀመሪያ ቅሬታ ላይ ዝርዝር ጥያቄ በመጠየቅ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሐኪሙ ሥራ የጀመረ ይመስለዋል። ግን መጀመሪያ የተነገረው ዋናው ላይሆን ይችላል።

ሬዚደንቱ ስትጨርስ «ሌላስ የሚያስቸግርዎ ነገር አለ?» አላት። እማዬ ወደ እኔ አየች። ዝም አልኩ፤ መናገር ያለባት እሷ ናት። «ለነገሩ እግሬን ማታ ማታ…» ወዲያው ተነሥቶ በርከክ አለ፤ ካልሲዋን ራሱ አወለቀላት፤ በጣቶቿ መሐል አየ። ከዚያ ዐይኗን አስጨፍኖ በቀጭን ናይለን ክር የእግሯን መዳፍ እየነካ «አሁንስ?» ይላታል። አውራ ጣቷ ሥር ሲነካት አልመለሰችም። እሷ ሳይነካት የቀረ መስሏት ትጠብቅ ነበር። እኔ ክሩ ሲጎብጥ አይቻለሁ።

ነርቩ ተነክቷል፤ ቁስል ግን የለም። ስለ እግር አጠባበቅ ሲያስረዳት በየመሐሉ ቆም እያለ «እስቲ ለልጅዎ ይንገሯት» ይላት ነበር። ስሙን ባልጽፍም፣ ይህ ልጅ ሥራውን በደንብ ያስተማረው ሰው እንዳለ ያስታውቃል።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

የጆን ሄሪቴጅና የጄፍሪ ሮቢንሰንን የ2007 ጥናት ዛሬ ለተማሪዎቹ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ሃያ የቤተሰብ ሐኪሞች፣ 224 ታካሚዎች። ታካሚው ከመግባቱ በፊት ሊያማክር የመጣባቸውን ነገሮች በወረቀት ይዘረዝራል። እያንዳንዱ ሐኪም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ታካሚዎች እንደ ወትሮው ያያል፤ ከዚያ በኋላ ግን የመጀመሪያውን ቅሬታ እንደሰማ፣ በዕጣ እንደደረሰው ወይ «ሌላም የሚሉኝ ነገር አለ» በሚል፣ ወይ «የቀረ ምንም ነገር ይኖር ይሆን» በሚል መንፈስ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛው የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው። የፊተኛው ጥያቄ ወደ «አዎ» ያዘነበለ ነው፣ የኋለኛው ወደ «የለም»። ከአንድ በላይ ጉዳይ ይዘው ከመጡት መካከል በፊተኛው የተጠየቁት 90 ከመቶው «አለ» አሉ፤ በኋለኛው 53 ከመቶው። ሳይነገሩ ይቀሩ ከነበሩት ጉዳዮች 78 ከመቶው በፊተኛው ጥያቄ ተነገሩ። በኋለኛው የተጠየቁት እንደ ወትሮው ከታዩት ብዙም አልተሻሉም። የምርመራው ጊዜም ይህን ያህል አልረዘመም።

ያከራከረን ጥያቄው የሚጠየቅበት ቦታ ነው። አንዱ ተማሪ «እኛ ዘንድ የሚጠየቀው እኮ ሲያልቅ ነው፣ መድኃኒት ከተጻፈ በኋላ» አለ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ቆሟል፣ እስክሪብቶው ኪሱ ገብቷል፣ ደጅ ያለው ሰው በር ያንኳኳል። በዚያ ሰዓት የሚነገር ከባድ ሕመም የሚሰማው ቢኖርም የሚመረምረው አይኖርም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ዛሬ በክፍል ያየነው የዳላስን ጥሪ ነው። በ1984 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሰው የእንጀራ እናቱ መተንፈስ አቅቷት ለአደጋ ጊዜ እርዳታ ይደውላል። ስልኩ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚላክ ለምትወስን ነርስ ይተላለፋል። ነርሷ ትጠይቃለች፤ እሱ አምቡላንስ ላኩ ይላል። ራሷን ላነጋግራት ትላለች፤ መናገር አትችልም ይላታል። ይሰድባል፤ አትሳደብ ትለዋለች። አምቡላንሱ ሳይላክ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ሴትየዋ ሞተች። ጋዜጦች ነርሷን ጨካኝ አሏት።

ጃክ ዌለን፣ ዶን ዚመርማንና ማሪሊን ዌለን በ1988 ያሳተሙት ጥናት ቅጂውን መስመር በመስመር ይከተላል። ለነርሷ ጥያቄዎቹ እርዳታው የሚላክበት መንገድ ናቸው። ለደዋዩ ግን ጥያቄ ሁሉ እምቢታ ነው፤ መጀመሪያ ይላኩ፣ ኋላ ይጠይቁ ባይ ነው። ከተሳደበ በኋላ ንግግሩ ስለ ስድቡ ሆነ፤ ስለ በሽተኛዋ የሚናገር ጠፋ። ተመራማሪዎቹ ማንንም ነጻ ለማውጣት አልጻፉትም። አደጋው በሁለቱ ሰዎች ጠባይ ብቻ የሚገለጽ እንዳልሆነ፣ በእያንዳንዱ መልስና ጥያቄ ደረጃ በደረጃ እንደተሠራ አሳዩ።

ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጥሪውን ራሳቸው ሠሩት። አንዷ ተቀባይ ከሁሉ አስቀድማ «ሰው እያሰናዳን ነው፣ እየሄዱ ሳለ እነዚህን ንገረኝ» አለች። ደዋይ ሆኖ የሚጮኸው ልጅ ወዲያው አድራሻውን ዘረዘረላት። ይህን ያልኳት እኔ አይደለሁም፤ ከራሷ የመጣ ነው። እርግጥ እንዲህ ማለት የሚቻለው በእርግጥ የሚሰናዳ ሰው ካለ ብቻ ነው፤ ይህንንም ተነጋግረንበታል።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

የራሳችንን ንግግር መቅዳት አለብን። የእነ ሄሪቴጅ ጥናት የሚነግረን ስለ ካሊፎርኒያና ስለ ፔንሲልቬንያ ክሊኒኮች ነው፤ እማማ «ይመስገን» ብላ ስትገባ ሐኪሙ ምን ቢላት እግሯን እንደምታነሣ የሚያሳየን እዚሁ የተቀዳ ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚያየውን የፈቃድ ቅጽ ዛሬ ከተማሪዎቹ ጋር አረቀቅነው።

ክርክሩ ያላሰብኩት ቦታ ደረሰ። አንዱ ተማሪ ያንኑ የ2007 ትምህርት ይዞ «‹ብንቀዳዎ ይፈቅዱልናል አይደል?› ብለን ብንጠይቅ ብዙ ሰው እሺ ይላል» አለ። መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠዋ ልጅ ተቃወመችው። ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቃት እናቷ እምቢ ማለት እንደማትችል ነገረችን። ትክክል ናት። ሕመም እንዲነገር ስንፈልግ ወደ «አዎ» ያዘነበለ ጥያቄ ይረዳል። ፈቃድ ስንጠይቅ ግን «አይ» ማለት እኩል መቅለል አለበት፤ በሚካኤል ዝክር ባለ መኪናው እንዳገኘው ያለ ሰከንድ ለታካሚውም ያስፈልገዋል።

የተስማማነው ይህ ነው፦ ፈቃዱን የሚጠይቀው ሰው የሚያክመው ሰው አይሆንም። ጋዎን አይለብስም። ካስረዳ በኋላ ቅጹን ትቶ ይወጣል፤ ታካሚው ከአስታማሚው ጋር ይመክርበታል። ያልፈቀደ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፤ የተቀዳውም በኋላ ይጥፋልኝ ካለ ይጠፋል። ሰኞ ልምምዱን እርስ በርሳችን እየተቀዳን እንጀምራለን፤ መጀመሪያ የምቀዳው እኔ ነኝ።